ኮታ የሞላንበት ድንጋይ

በመሥሪያ ቤታችን ኮሪደር ላይ የተለጠፈ ፎቶግራፍ አለ። አምስት ሰዎች ድንጋይ ታቅፈው ይስቃሉ። ከአምስቱ አንዷ እኔ ነኝ። ድንጋዩን ያነሣሁት ለፎቶው ብቻ ነው፤ ፎቶ አንሺው «በቃ» ሲል ጣልሁት፤ የኃላፊያችንን ጫማ ለጥቂት ሳተው። ከሥሩ «ሕዝቡ ከባለሙያው ጋር ሆኖ ተፈጥሮን ሲያክም» ተብሎ ተጽፏል። ተፈጥሮ ከዚያ ሕክምና በኋላ ምን እንደ ሆነች የሚያሳይ ፎቶ ግን የለም። ግድግዳው ሞልቷል አሉ።

ሥራዬ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ነው። ደብረ ማርቆስ ተምሬ፣ ጥቁር ጋወን ለብሼ ተመርቄ፣ በአንድ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ተቀጠርሁ። የወረዳውን ስም አልጠራም፤ ብጠራውም ባልጠራውም ጎረቤት ወረዳዎች «እኛን ነው» ማለታቸው አይቀርም። ከተመደቡልኝ ቀበሌዎች አንዱ የተወለድሁበት ሆነ። ከአስፋልቱ ወርዶ በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። መንደሩ ያለው ከአንድ ቀጥ ያለ ዳገት ሥር ነው። ከዳገቱ ራስ አንድ ፈፋ ይወርዳል፤ በበጋ ፍየል የሚተላለፍበት ደረቅ የድንጋይ ቦይ ነው፤ በክረምት ውሃ ይሞላዋል። ዳገቱ አልቆ መሬቱ ለጥ ከሚልበት፣ ከፈፋው ዳር፣ አፈሩ ጥቁርና ወፍራም የሆነ ሜዳ አለ። በአካባቢው እንደዚያ ድንች የሚያበቅል መሬት የለም። ሜዳው ላይ አንዲት ባልቴት ቤት ሠርተው ይኖሩ ነበር።

ባልቴቷ በሥጋ አይዘመዱኝም። እናቴ ስታርፍ ገና ፊደል አልቆጠርሁም ነበር፤ አባቴ የደብሩ ቄስ ናቸው፤ ዲማ ወርደው ቅኔ የተማሩ፣ ግሥ እንጂ ሹሩባ የማያውቁ ሰው ናቸው። ስለዚህ ጠጕሬን የሠሩኝ፣ ምሳዬን ያበሉኝ፣ ሳጠፋ የቆነጠጡኝም ባልቴቷ ናቸው። «እትዬ» እላቸዋለሁ። ልጅ አልወለዱም፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። በዚህ ዓለም ላይ ያላቸው ያ ሜዳ፣ ያ ቤትና ከቁይ ገበያ የገዙት አንድ በሬ ነበር። በሬው ከአባቴ በሬ ጋር መቀናጆ ነው፤ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ጎረቤቶች አጣምረው በየተራ ያርሱበታል። አባቴና እትዬ በሁሉ ነገር ይከራከራሉ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጾሙ፣ ስለ እኔ አስተዳደግ። በበሬው ግን ተከራክረው አያውቁም።

በእትዬ ሜዳና በፈፋው መካከል አንድ የድንጋይ ተረተር ነበር። ከዳገቱ ወገብ ተነሥቶ ፈፋውን ታክኮ እስከ ሜዳው ግርጌ ይወርዳል፤ ቁመቱ እስከ ሰው ደረት ይደርሳል። የሰው እጅ የካበው አይመስልም፤ ትልቁም ትንሹም ድንጋይ ከአፈር ጋር ተደባልቆ እንዲያው ተቆልሏል። ከፈፋው ማዶም መንታው አለ። የመንደሩ ሰው የወዲህኛውን «ግዝቱ» ይለዋል። አያቶቻችን ሳይወለዱ ሁለት ቤተሰቦች በወሰን ተጣልተው ሊተላለቁ ሲሉ የዘመኑ ቄስ መስቀል ይዘው ወጡና፣ «ወሰናችሁ ይህ ተረተር ነው፤ ከዚህ ድንጋይ ያነሣ የተገዘተ ይሁን» አሉ። ከዚያ ወዲህ ቤት የሚሠራውም፣ አጥር የሚያጥረውም፣ ጉልቻ የጎደላትም ሴት ከዚያ ድንጋይ ነክታ አታውቅም። ልጆች ሆነን አንዷ ባልንጀራዬ ለቅልብልቦሽ አምስት ጠጠር ብታነሣ እናቷ ንስሐ አባቷ ዘንድ እየጎተተች ወሰደቻት። ጠጠሮቹ በቦታቸው ተመለሱ፤ የትኛው ከየት እንደ ተነሣ ግን ሁለት ቀን ተከራከርንበት።

ያ ተረተር ምን እንደ ሆነ ተምሬዋለሁ። የሚያሳፍረው እሱ ነው።

ናዳ ጎርፍ አይደለም። ጎርፍ ውሃ ነው፤ ጥቂት አፈር ይዞ ይሮጣል። ናዳ ግን ራሱ መሬቱ ነው፤ ጠጥቶ ጠጥቶ መቆም ያቃተው መሬት። ቤት እንደሚመረግበት ጭቃ ይወፍራል፤ ስለዚህ ጎርፍ ሊነቀንቀው የማይችለውን ቋጥኝ ጀርባው ላይ አሳፍሮ ይወርዳል። ሲወርድም ትልልቁ ድንጋይ ወደ ፊት ይወጣል፤ ጭቃው ከኋላ ሆኖ ይገፋል። ክፍል ውስጥ ይህን ስሰማ በሆዴ መሳቄ ትዝ ይለኛል፤ የመስክ ጉብኝት መሰለኝ፤ ትልልቆቹ ከፊት፣ የቀረነው ከኋላ በጭቃ። ፊት ያሉት ድንጋዮች ውሃቸው ተንጠፍጥፎ ስለሚያልቅ እግራቸው ይታሰራል፤ የኋላው ገፍቶ ወደ ጎን ያወጣቸዋል፤ በቀኝና በግራ ተቆልለው እዚያው ይቀራሉ። የተረፈው በሁለቱ ቁልል መካከል እንደ ቦይ ውሃ ይወርዳል። ዳገቱ ሲያልቅበት አቅም ያጣል፣ ይዘረጋል፣ ቋጥኙን ጥሎ ይቆማል፤ ደቃቁ አፈር ከላዩ ይተኛል። ዘመን አልፎ በዚያ አፈር ላይ ጥሩ ድንች ይበቅላል። ተረተሩም ሜዳውም የናዳ ሥራ ናቸው፤ የፊተኛው ናዳ ትቶት የሄደው ቁልል ደግሞ የኋለኛውን ከፈፋው እንዳይወጣ ይይዘዋል። ይህ ፈተና ላይ መጥቶ ነበር። በትክክል መልሻለሁ።

በየዓመቱ ጥር ሲገባ የተፋሰስ ዘመቻ ይጀመራል። ሕዝቡ ዶማና አካፋ ይዞ ይወጣል፤ ዳገቱ ላይ የድንጋይ እርከን ይካባል፣ ከእርከኑ ሥር ውሃ መያዣ ጉድጓድ ይቆፈራል። ሥራው ራሱ ክፉ አይደለም። ክፉው ሜትሩ ነው። የተሠራው በሜትር ይለካል፣ ሜትሩ ወደ ዞን ይላካል፣ ከዞን ሌላ ሜትር ተመልሶ ይመጣል። አፈሩ የት ደረሰ ብሎ የጠየቀን ሰው አላስታውስም። ኃላፊያችን ከእኔ በሁለት ዓመት የሚያንስ፣ ከእኔ ጋር በአንድ ግቢ የተማረ ልጅ ነው፤ ጠዋት ጠዋት በቴሌግራም «ዛሬ ስንት ሜትር?» ብሎ ይጽፍልናል። አንድ ቀን «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንዴት አደርህ?» ብዬ ብመልስለት፣ «በቁጥር ግለጪው» አለኝ።

ያን ዓመት የተወለድሁበት ቀበሌ ከሁሉም ኋላ ቀረ። ምክንያቱ ተራ ነው፤ ዳገቱ ላይ የነበረው ድንጋይ በቀደሙት ዘመቻዎች ተለቅሞ አልቋል። ድንጋይ ያለው ከማዶ ገደል ሥር ነው። ሰዉ ጠዋት ወርዶ አንድ አንድ ድንጋይ ተሸክሞ ይወጣል፣ ተቀምጦ ያርፋል፣ ስለ ማዳበሪያ ያማል፣ ከዚያ ፀሐዩ በረታ ብሎ ይገባል። እኔም ፀሐዩ ሥር ቆሜ ቁልቁል ስመለከት ግዝቱን አየሁት። የሚያስፈልገን ድንጋይ ሁሉ ከሥራችን ተቆልሎ ተኝቷል። ለኃላፊያችን ደወልሁለት። «ጎበዝ ነሽ» አለኝ። በሥራ ዘመኔ ጎበዝ የተባልሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

የተማርሽው ትምህርት የት ጠፋ ብሎ ለሚጠይቀኝ፣ የትም አልጠፋም። ሰሌዳው ላይ የተሣለው ናዳ የሚወርደው ከሌላ አገር ተራራ ነበር፤ እኛ መንደር ያለው ግን ግዝቱ ነው። ከእትዬ ጓሮ ያለ ድንጋይ መጽሐፍ ውስጥ ይገባል ብዬ አስቤ አላውቅም። ተምሮ የመጣ ሰው ለመንደሩ ትምህርት ያመጣለታል እንጂ መንደሩ ትምህርቱ ውስጥ እንዳለ ማን ይነግረዋል?

ችግሩ ሕዝቡ ነበር። ድንጋዩን አንሡ ስላቸው ዶማቸውን ተደግፈው ቆሙ። የመንግሥት ሥራ ነው ብል አንድ ሽማግሌ «እንግዲያው መንግሥት መጥቶ ያንሣው» አሉኝ። ሰዉ ሳቀ፤ እኔም ተናደድሁ። ቀጥ ብዬ አባቴ ጋ ሄድሁ። ከደጃፋቸው ተቀምጠው ሞፈር ይጠርቡ ነበር።

«አባባ፣ ግዝቱን ይፍቱልን» አልኋቸው።

«ስለ ምን ተገዘተ?»

«ስለ ወሰን ነዋ። የማዶዎቹ ሰዎች ከተማ ገብተው ከቀሩ ስንት ዘመናቸው። አሁን ማን ከማን ይጣላል?»

ሞፈሩን ገልብጠው አዩት። «የገዘቱት አባት ሞኝ አልነበሩም ይባላል። ለወሰንማ አንድ ረድፍ ድንጋይ ይበቃ ነበር። ይህን ሁሉ ክምር ለምን አትንኩ አሉ?»

«አባባ፣ ይህ የሳይንስ ጉዳይ ነው።»

«እንግዲህ እኔ ሳይንሱን አላውቅም» አሉ፤ አባቴ አላውቅም ሲሉ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ፤ ደስም አለኝ። «ወሰኑ የእትዬሽ ነው። እሳቸው እሺ ካሉ እፈታዋለሁ። የምፈታው ግን ልጄ ስለሆንሽ እንዳይመስልሽ።»

ልጃቸው ስለሆንሁ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ግምገማ ደርሶብኛል፣ ከሁሉ ኋላ ቀርቻለሁ፣ በሰው ፊት ተወቅሻለሁ ብዬ አልቅሼባቸው ነበር።

እትዬ ድንች ቀቅለው አቀረቡልኝ። ነገሩን እስክጨርስ ሰሙኝና፣ «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል» አሉ። «አንቺ ግን አትንቂኝም። ድንጋዩ ቢነሣ ይጎዳኛል?»

«ምንም አይጎዳዎትም፣ እትዬ። እንዲያውም እርከኑ ከላይ ሆኖ ውሃውን ይይዝልዎታል። ቤትዎን ይጠብቃል።»

«አንቺ ካልሽ» አሉ። ልጣጩን ሰብስበው ለበሬው ሊሰጡ ወጡ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባቴ ጸሎት አድርሰው፣ ውሃ ረጭተው ግዝቱን ፈቱ። ሰኞ ጠዋት ያ ሁሉ ፈሪ ሕዝብ ቀድሞኝ ደርሶ አገኘሁት። ለካ የፈራው ግዝቱን እንጂ ድንጋዩን አልነበረም፤ ለቅርብ ድንጋይማ ልቡ ሲከጅል ኖሯል። የጀመርነው ከመሐሉ ነው፤ ወደ ዳገቱ የሚያወጣው መንገድ እዚያ ጋ ስለሆነ። ከእትዬ ቤት ትይዩ፣ ትንሽ ከፍ ብሎ ማለት ነው። በአንድ ሳምንት ኮታው ሞላ። እያንዳንዱ ቡድን በሠራው እርከን ራስ ላይ ቁጥሩን በቀይ ቀለም ጻፈ። ቀበሌው ከመጨረሻ ተነሥቶ አንደኛ ወጣ፤ እኔ የምስጋና ወረቀት ተሰጠኝ፤ ያ ፎቶ የተነሣውም ያን ጊዜ ነው።

ነሐሴ ላይ ለፍልሰታ ወደ አባቴ ቤት ሄድሁ። ሦስት ቀን ሳያባራ ዘነበ። ቤተ ክርስቲያኑ ከመንደሩ ትይዩ ካለ ጉብታ ላይ ነው፤ በሱባኤው ከሰዓት በኋላ ቅዳሴ ሲቀደስ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ እዚያ ይውላል። እትዬ ከአጠገቤ ቆመው ነበር። መጀመሪያ ድምፁን ሰማን። የጭነት መኪና ይመስላል፤ መንገድ በሌለበት አገር። ከዚያ መሬቱ በእግሬ ሥር ተንዘረዘረ፣ ድንገትም አዲስ የታረሰ መሬት ሽታ መጣ። ከፊሉ ሰው ወደ ደጅ ወጣ። ቅዳሴ አይቋረጥምና የአባቴ ድምፅ ከውስጥ እንደ ቀጠለ ነው። እኔና እትዬ እስከ ቅጥሩ ሄድን።

እርከን ከሠራንበት ዳገት አንዱ ጎን ተገምሶ ወርዷል። የተገመሰው ፈፋው ውስጥ ገብቶ ይመጣል። እንደ ጎርፍ አይንቧቧም። ፊቱ ከፍ ያለ የድንጋይ ግንብ ነው፤ ውሃ የሚባል አይታይበትም። ቆም ይላል፤ ከኋላ የመጣው ሲደርስበት ይነሣና እንደገና ይወርዳል። በሬ የሚያህል ቋጥኝ ከላዩ ተቀምጦ ወዲያ ወዲህ እያለ ሲያልፍ አየሁ። ድንጋዩ ከድንጋይ ሲፋጭ ጢስ የመሰለ ነገር ይወጣል። እስከ ዳገቱ ወገብ ፈፋውን አልለቀቀም። ከዚያ እኛ ድንጋይ ካነሣንበት ክፍተት ሲደርስ ግማሹ ወደ ጎን ታጠፈ። የእትዬ ቤት አንደኛው ግድግዳ ተኛ፤ ቆርቆሮው ጭቃው ላይ ተንሳፍፎ ጥቂት ሄደና ቆመ።

እትዬ አልጮሁም። «በሬው ታስሯል» አሉ። የሰው ማሳ እንዳይገባ ብለው ራሳቸው ከበረቱ ምሰሶ ጋር አጥብቀው አስረውት ነበር የመጡት። «በሬው ታስሯል» አሉ ደግመው፣ ለእኔ፣ ገመዱን ሄጄ የምፈታላቸው ይመስል። ጭቃው ድንቹ መሐል ደርሶ እየዘገየ፣ እየዘገየ ቆመ። ሰው አልሞተም። ሰዉ ሁሉ ቅዳሴ ላይ ስለነበረ ሰው አልሞተም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ በሦስተኛው ቀን ኮሚቴ መጣ። ሁሉም አዲስ ቦት ጫማ አድርገዋል። ኃላፊያችን ጭቃው ላይ ቆሞ ስልክ አነጋገረ፤ እኔ ሪፖርቱን ጻፍሁ። «ከመጠን በላይ በጣለ ዝናብ ምክንያት የደረሰ የተፈጥሮ አደጋ» አልሁ። ፈረምሁም።

መንደሩ ግን የራሱን ሪፖርት ጻፈ። የመታን ግዝቱ ነው ተባለ። ታዲያ ለምን እትዬን ብቻ መታ? እሺ ያሉት እሳቸው ናቸዋ። አንስተው የተሸከሙት መቶ ሰዎች፣ የፈቱት ቄስ፣ ያዘዘችው ባለሙያ አልተመቱም፤ ድንች ቀቅለው ያበሉት ተመቱ። ይህን የሚሉት እህልና ልብስ ይዘውላቸው እየመጡ ነው፤ ክፉ ሰዎች አይደሉም። እትዬ አባቴ ቤት ገብተው ነበርና ይህ ወሬ ጆሯቸው ደረሰ። አመኑትም። አባቴን ቀኖና ስጡኝ አሏቸው። አባቴ ምን ብለው ይከልክሏቸው? በየቀኑ የሚሰግዱትን ስግደት ቆጥረው ሰጧቸው። እኔ ቅዳሜና እሑድ ስመጣ ጠዋት ጠዋት ከጓዳ ሲሰግዱ እሰማለሁ፤ ጉልበታቸው የታመመ ነው፤ ሲነሡ በእጃቸው መሬቱን ሲደግፉ ይሰማኛል። ብርድ ልብሱን ወደ ጆሮዬ እስብ ነበር።

መስከረም ሲጠባ፣ ጭቃው ደርቆ ሰው መሸከም ሲጀምር፣ ደብተሬን ይዤ ከታች ወደ ላይ ወጣሁ። ናዳ የሚነበበው ከመጨረሻው ነው። መሬቱ ለጥ ካለበት፣ ከድንች ማሳው ግርጌ፣ ትልልቁ ድንጋይ በግማሽ ክብ ቆሟል። ከእሱ ኋላ ወፍራሙ ጭቃ አለ። ከጭቃው ላይ ደቃቁ አፈር ተኝቷል፤ ጥቁር፣ ለም፣ ሁለት ዓመት ቢያርፍ ማንም የሚመኘው። ከማሳው ዳር ያሉት ባሕር ዛፎች እስከ ወገባቸው ቅርፊታቸው ተልጦ ናዳው የቱን ያህል ከፍ ብሎ እንዳለፈ ያሳያሉ። በቀኝና በግራ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ አዲስ ተረተር ተሠርቷል። እኛ በሳምንት ያፈረስነውን ናዳው በአንድ ከሰዓት ሠርቶታል፤ ያለ ዘመቻ፣ ያለ ቴሌግራም፤ ብቻ ቦታው የእትዬ ደጅ ሆነ።

ከፈረሰው ቤት አጠገብ ካለ ድንጋይ ላይ ቀይ ቀለም አየሁ። «ቡድን ሦስት» ይላል። ከዳገቱ አናት የነበረ እርከናችን ነው። ከግዝቱ አንሥተን በሰው ጀርባ ያወጣነውን ናዳው በጀርባው ተሸክሞ አወረደው።

ከፈፋው የወጣበት ቦታ ስደርስ ተቀመጥሁ። ከክፍተቱ በላይ ግዝቱ እንዳለ ቆሟል፤ ፊቱ በጭቃ ተለስኗል፤ ናዳው ታክኮት ወርዷል እንጂ አልዘለለውም። ከክፍተቱ በታችም እንደዚያው ቆሟል። መሐሉ ላይ ብቻ፣ ልክ እኛ በገባንበት ስፋት፣ መሬቱ ባዶ ነው። ዳገቱ የተገመሰው በቆፈርነው ጉድጓድ ውሃ ገብቶ ይሁን፣ ወይም ያለ እኛም የሚወርድ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ወደ እትዬ ቤት መንገድ የቀየስንለት ግን እኛ ነን፤ ይህን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ ዓይን ይበቃል። ቁልቁል ወረድሁ። ለማንም አልተናገርሁም። እትዬ ሌላ ሦስት ሳምንት ሰገዱ።

ጥቅምት ላይ ለእትዬ ምትክ ቦታ ለመስጠት በቀበሌው ደጅ ስብሰባ ተጠራ። ኃላፊያችን ንግግር አደረገ። ቦታው ተገኝቷል፤ ከሚቀጥለው ፈፋ አፍ፣ ለጥ ያለ፣ አፈሩ ጥቁር። ላም የሚያህሉ ቋጥኞች እዚህም እዚያም ተጥለውበታል። «ድንጋዩ እንኳ ከቦታው አለ፤ ለመሠረት ይሆናል» ሲል ሰዉ አጨበጨበ። ከዚያ ቅጹንና እስክሪብቶውን ወደ እኔ ዘረጋ፤ ቦታው ተስማሚ መሆኑን ባለሙያ ማረጋገጥ አለባት። ቅጹን አየሁት። አባቴ ከፊት ተቀምጠዋል፤ እትዬ ከአጠገባቸው፣ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው።

«ይህ ቦታ አይሆንም» አልሁ።

«ለምን?» አለ ኃላፊያችን፤ እየሣቀ ነው።

«እነዚያን ቋጥኞች ያመጣቸው ናዳ ነው። ካመጣበት መንገድ ሌላ ጊዜም ይመጣል።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ማን ተጎዳ? በእትዬ ላይ የደረሰው እንደሆነ የተፈጥሮ አደጋ ነው፤ አንቺው ራስሽ ጽፈሻል።»

ጻፍሁ። ስለዚህ የጻፍሁትን ማፍረስ ነበረብኝ፤ ሌላ መንገድ ቢኖር ኖሮ በእሱ እሄድ ነበር። «ግዝቱ ናዳው ከፈፋ እንዳይወጣ የሚይዝ ነበር» አልሁ። «ያስነሣሁት እኔ ነኝ። ናዳው የወጣው ባስነሣሁበት በኩል ነው። እትዬ እሺ ያሉት ቤትዎን ይጠብቃል ስላልኋቸው ነው። የማንም ኃጢአት አይደለም። ሜትር ጎድሎብኝ ነው።»

ኃላፊያችን ይህ ቴክኒካል ጉዳይ ስለሆነ በቢሮ ደረጃ እንነጋገርበታለን አለ። አላጨበጨቡለትም። አባቴ በተቀመጡበት አንገታቸውን ደፉ። «እኔም ሳላውቅ ፈታሁት» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። መንግሥት መጥቶ ያንሣው ያሉኝ ሽማግሌ ከኋላ ተቀምጠዋል፤ የሚቀልዱ መስሎኝ ጠበቅሁ፤ አልቀለዱም።

እትዬ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ጉልበታቸው እንቢ ስላላቸው ሁለት ጊዜ ሞከሩ።

«ይህን መቼ አወቅሽው?» አሉኝ።

አሁን፣ ከአደጋው በኋላ ማለት እችል ነበር። ሰዉም የጠበቀው እሱን ይመስለኛል። «ዘመቻው ሳይመጣ ተምሬው ነበር፤ አላስተዋልሁትም» አልሁ። «ያስተዋልሁት መስከረም ላይ ነው።»

«መስከረም» አሉ እትዬ። በጣታቸው ሳምንቱን ቆጠሩ። «እንግዲያው ስሰግድ ትሰሚኝ ነበር።»

«አዎ፣ እትዬ» አልሁ። «እሰማዎት ነበር።»